ማሰሪያው የቱ ነው?

የእህቴ ልጅ ጎበዝ ናት። አጎቷ ስለሆንኩ አይደለም እንዲህ የምለው። ዕድሜዬን ያሳለፍኩት እንግሊዝኛ በማስተማር ነው፤ ጎበዝ ተማሪ ሳይ አውቃለሁ። ከሰከላ መጥታ ክረምቱን እኔ ዘንድ ደብረ ማርቆስ ከረመች። ለመጪው ማትሪክ አብረን እንዘጋጅ ነበር። አንድ ቀን የሠራችው አንድ ጥያቄ ግን ከዚያ ወዲህ ከአእምሮዬ አልወጣም።

ምንባቡ ስለ ዓባይ ደለል ነበር። ለሌላ ልጅ እንግዳ ነገር ሊሆን ይችላል፤ ለእሷ ግን የሰፈሯ ወሬ ነው። ግሽ ዓባይ እዚያው እነሱ ወረዳ ነው። በሐምሌ ውሃው አፈር ይዞ ሲደፈርስ እያየች ነው ያደገችው። ጥያቄው «ደለሉ ዛሬ የት ነው የሚቀረው?» ይላል። እሷ የመረጠችው መልስ «በግብፅ እርሻ ላይ» የሚለውን ነው። ትክክለኛው «ከግድቡ ጀርባ» የሚለው ነበር።

ቃላቱን አንድ በአንድ ጠየቅኳት። «ሲልት»ን ታውቃለች፤ ደለል። «ሴትል»ን ታውቃለች፤ መዝቀጥ። «ዳም» ግድብ መሆኑን በኛ አገር የማያውቅ ልጅ የለም። ጮክ ብላ እንድታነበው አደረግኩ፤ ሳትደናቀፍ አነበበችው። ቃሉ ሁሉ ገብቷታል፣ ንባቧ ውብ ነው፣ አገሩን ታውቀዋለች። ዓረፍተ ነገሩ ግን አልገባትም። «ምን ይላል?» ስላት «የግብፅ እርሻ ከግድቡ ጀርባ ነው ይላል» አለችኝ።

እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር አልነበረም። እሷም ከባዶ አላመጣችውም። የት አገኘችው?

ሁለቱ ሲባዙ

ንባብን የሚያጠኑ ሰዎች አንድ የታወቀ አስተሳሰብ አላቸው። ፊሊፕ ጎፍ እና ዊልያም ተንመር እ.ኤ.አ. በ1986 ያቀረቡት ነው። አንብቦ መረዳት የሁለት ነገሮች ብዜት ነው ይላሉ፤ አንደኛው ፊደሉን ወደ ቃል መለወጥ መቻል ነው፣ ሁለተኛው ቋንቋውን መረዳት። ድምር አላሉም፣ ብዜት ነው ያሉት። ከሁለቱ አንዱ ዜሮ ከሆነ ውጤቱ ዜሮ ነው።

እኛ አገር ብዙ የሚለፋው በመጀመሪያው ላይ ነው። ቀጥሎ ቃላት እናስሸመድዳለን። ቃል የቋንቋ ግማሽ ቢሆን እንኳ ሌላው ግማሽ ቃላቱ እርስ በርስ የተያያዙበት መንገድ ነው። እሱን የሚያስተምር ሰው እምብዛም አላይም። ሰዋስው ይሰጣል፤ ግን ለብቻው፣ በባዶ ቦታ ሙሉ ጥያቄ። ምንባብም ይሰጣል፤ እሱም ለብቻው። ሁለቱ የሚገናኙት ፈተናው ላይ ነው፤ ያኔ ደግሞ ልጁ ብቻውን ነው።

ነገሩ እንግሊዝኛ የሚባለውን አንድ ትምህርት ብቻ የሚነካ ቢሆን ይህን ያህል ባልተጨነቅኩ። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ባዮሎጂውም ታሪኩም ጂኦግራፊውም የሚመጣው በእንግሊዝኛ ነው። አንድ ረጅም ዓረፍተ ነገር መፍታት ያቃተው ልጅ ባዮሎጂ አልገባኝም ብሎ ተስፋ ይቆርጣል። ብዙ ጊዜ ያልገባው ባዮሎጂው አይደለም። በዚህ ላይ ትምህርት ተቋርጦ የቆየባቸውን ጊዜያት ጨምሩበት። እነዚህ ልጆች ያለችው ጊዜ በከንቱ እንድትባክንባቸው አልፈልግም።

የኔታ ቡና ሊጠጡ መጡ

የኔታ ጎረቤታችን ናቸው። ዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ የተቀኙ፣ ኋላም ለብዙ ዓመታት ያስተማሩ ሰው ናቸው። እንግሊዝኛ አያውቁም። የዚያን ቀን ቡና ተፈልቶ መጥተው ሲቀመጡ እኔና ልጅቷ አሁንም በዚያው ዓረፍተ ነገር ላይ ነበርን።

«ምንድን ነው እንዲህ የሚያከራክራችሁ?» አሉ።

ነገርኳቸው። ትርጉሙን ላጫውታቸው ስጀምር አቋረጡኝ።

«አታሳምረው። ቃሉን በራሱ ተራ አስቀምጠህ ንገረኝ።»

እንግሊዝኛው እንዲህ ነበር፦ «ዘ ሲልት ዊች ዘ ሪቨር ካሪድ ዳውን ፍሮም ዘ ሃይላንድስ፣ ኤንድ ዊች ፌድ ዘ ፊልድስ ኦቭ ኢጅፕት ፎር ታውዘንድስ ኦቭ ይርስ፣ ናው ሴትልስ ቢሃይንድ ዘ ዳም።» በራሱ ተራ አስቀምጬ ነገርኳቸው፦ «ደለሉ፣ ወንዙ ከደጋ ተሸክሞት የወረደው፣ የግብፅንም እርሻ ለሺህ ዓመታት የመገበው፣ አሁን ይዘቅጣል ከግድቡ ጀርባ።»

የኔታ ስኒያቸውን አስቀመጡ። ወደ ልጅቷ ዞሩ።

«ስንት አንቀጽ አለው?»

ግራ ገባት። ትምህርት ቤት አንቀጽ ሲባል የምታውቀው ሌላ ነው። «ግሱን ማለታቸው ነው» አልኳት። ወረቀቱ ላይ በጣቷ ቆጠረች። ተሸክሞ መውረድ፣ መመገብ፣ መዝቀጥ። «ሦስት» አለች።

«ማሰሪያው የቱ ነው?»

ዝም አለች። ዓረፍተ ነገሩ የሚቋጭበትን ዋናውን ግስ ማለታቸው ነበር።

«ልጄ፣ አንድ ነዶ በአንድ ማሰሪያ ነው የሚታሰረው። ሦስቱም ሊያስሩ አይችሉም። ቅጽል የሆነውን ለይተሽ አውጪ። በግእዙ ዘ፣ እንተ፣ እለ ብሎ የሚመጣ አንቀጽ ስሙን ይገልጻል እንጂ አያስርም። ፈረንጆቹስ ለዚህ የሚሆን የላቸውም?»

ልጅቷ ወረቀቱን አየች። ፊቷ ላይ የሆነውን አይቻለሁ። «ዊች» አለች ቀስ ብላ። «ሁለት ቦታ አለ።»

«በይ እሱ የያዘውን ሁሉ ሸፍኚው።»

በአውራ ጣቷ ከመጀመሪያው «ዊች» ጀምራ እስከ «ይርስ» ድረስ ሸፈነችው። የቀረውን አነበበች። «ዘ ሲልት... ናው ሴትልስ ቢሃይንድ ዘ ዳም።»

«ማን ነው የዘቀጠው?»

«ደለሉ!» አለችና ወደኔ ዞረች። «ጋሼ፣ እርሻው እኮ አይደለም!»

የኔታ «አሁን የሸፈንሽውን መልሺ» አሏት። መለሰችው። አሁን ያ ሁሉ ቃል ቦታ ነበረው። የትኛው ደለል? ወንዙ ያወረደው። ሌላስ? ግብፅን የመገበው። አሁንስ? ከግድቡ ጀርባ ቀረ። ነገሩም እውነት ነው። የአስዋን ከፍተኛ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1970 ከተጠናቀቀ ወዲህ ግብፅ ድረስ የሚወርደው የዓባይ ደለል አብዛኛው ናስር ሐይቅ ውስጥ ይቀራል፤ የግብፅ ገበሬም በደለሉ ፈንታ ማዳበሪያ ነው የሚገዛው። ይህን ሁሉ የያዘ ዓረፍተ ነገር ነው አንዲት ልጅ «እርሻው ከግድቡ ጀርባ ነው» ብላ ልታልፈው የነበረው።

አጠገብ ያለው ስም

የኔታ ከሄዱ በኋላ ብዙ አሰብኩበት። «እርሻው ከግድቡ ጀርባ ነው» የሚለው ከየት እንደመጣ የገባኝ ያኔ ነው።

ይህን የአማርኛ ዓረፍተ ነገር እዩት፦ «ባለፈው ሳምንት ከደጀን የመጣው ነጋዴ ለአጎቴ የሸጠለት በቅሎ ትናንት ጠፋ።» ውስጡ ብዙ ነገር አለ። ነጋዴ አለ፣ አጎት አለ፣ መምጣት አለ፣ መሸጥ አለ። የጠፋው ማን እንደሆነ ግን ማንም ጎጃሜ አይሳሳትም። በቅሎው ነው። ለምን አንሳሳትም? አማርኛ መግለጫውን ሁሉ ከስሙ በፊት ስለሚያስቀድም ነው። የሚባለው ሁሉ ተብሎ ሲያልቅ ስሙ ይመጣል፤ ከስሙ አጠገብ ማሰሪያው ይመጣል። መካከል ሌላ ስም ቢገባ እንኳ ብዙ ጊዜ «ን» ይለጠፍበትና ተሳቢ መሆኑን ይነግረናል። ባለቤቱና ማሰሪያው ጎረቤት ናቸው። ቢያንስ ብዙ አይራራቁም።

እንግሊዝኛ ስሙን ያስቀድማል። መግለጫው ከስሙ በኋላ ይደረደራል። ማሰሪያው ያ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው የሚመጣው። ስለዚህ መግለጫው በረዘመ ቁጥር ባለቤቱና ማሰሪያው ይራራቃሉ፤ በመካከላቸው የማይመለከታቸው ስም ይገባል። «የግብፅ እርሻ» ያለው እዚያ ነው። ጊዜ የሚናገረውን «ይርስ»ን ከተውነው፣ ከ«ሴትልስ» በፊት የተቀመጠው ቅርብ ስም እሱ ነው። ልጅቷ ያደረገችው አማርኛ ያስተማራትን ነው። ለማሰሪያው የቅርቡን ስም ሰጠችው። በአማርኛ ሕይወቷን ሙሉ የሠራ ዘዴ ነው፤ እዚህ ግን ከዳት።

ይህ ከገባኝ ወዲህ የተማሪዎቼን የተሳሳተ መልስ የማይበት ዓይን ተለውጧል። ብዙው ስህተት ግምት አይደለም። ሥርዓት አለው። ምርጫዎቹን የሚያዘጋጁት ሰዎችም ይህን የሚያውቁ ይመስለኛል፤ ከማሰሪያው አጠገብ ያለው የማይመለከተው ስም ብዙ ጊዜ ከምርጫዎቹ አንዱ ሆኖ ይገኛል።

የኔታ እንግሊዝኛ ሳያውቁ ይህን እንዴት አዩት? ግእዝ ስለሚያውቁ ነው። በተለይ የቅኔ ግእዝ። ስለ ቅኔ ሲነሳ ሁሉም የሚያወራው ስለ ሰምና ወርቅ ነው። ከሰሙም ከወርቁም በፊት ግን አገባቡ አለ። በግእዝ የቃሉ መጨረሻ ራሱ ሥራውን ይናገራል። «ንጉሥ» ካለ ባለቤት ሊሆን ይችላል፣ «ንጉሠ» ካለ፣ እንደ «ንጉሠ ነገሥት» ዘርፍ ካልተከተለው፣ ተሳቢ ነው። ስለዚህ ባለቅኔው ቃላቱን እንደፈለገ ሊያራርቃቸው ይችላል። ባለቤቱን አንድ ጫፍ፣ ማሰሪያውን ሌላ ጫፍ። ሁለት ቤት ብቻ ባለው ጉባኤ ቃና ውስጥ እንኳ ተማሪው ባለቤቱን ፈልጎ፣ ማሰሪያውን ፈልጎ፣ ተሳቢውን ለይቶ፣ ዘርፉን (የማን መሆኑን የሚናገረውን ስም) ከባለቤቱ አገናኝቶ ነው ወደ ምሥጢሩ የሚገባው። ዋሸራም ጎንጅም ዲማም የኖረው ትምህርት ይህ ነው። ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ይባል የለ? የቅኔ ተማሪ ነገሩን ከሥሩ ሳይዝ አንድ እርምጃ አይሄድም።

የሚቆጨኝ እዚህ ላይ ነው። በጎጃም አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አለ፣ ትንሽ ወረድ ብሎ የቅኔ ጉባኤ አለ። ሁለቱ ጎረቤታሞች ናቸው፤ አይነጋገሩም። ወዲያ ያለው ልጅ ረጅሙንና የተራራቀውን ዓረፍተ ነገር ሲፈታ ይውላል። ወዲህ ያለው ልጅ እዚያው ዓይነት ችግር ላይ ወድቆ «ቮካብላሪ ጨምር» ይባላል።

«ዊች» ሲጠፋ

ሁሉም ዓረፍተ ነገር እንዲህ ምልክቱን ይዞ አይመጣም። እንግሊዝኛ «ዊች»ን ሊውጠው ይችላል። ከባዱ ነገር ይህ ነው፤ ልጆቹም በብዛት የሚወድቁት እዚህ ነው።

«ዘ ግሬይን ስቶርድ ኢን ዘ ፒት ስፖይልድ» የሚለውን ውሰዱ። «ጉድጓድ ውስጥ የተቀመጠው እህል ተበላሸ» ማለት ነው። ግን ከግራ ወደ ቀኝ የሚያነብ ልጅ «ዘ ግሬይን ስቶርድ» ላይ ሲደርስ ማሰሪያውን ያገኘ ይመስለዋል። እህሉ አስቀመጠ። ከዚያ «ስፖይልድ» ይመጣና ሁሉም ነገር ይበጠበጥበታል። ምክንያቱ የእንግሊዝኛ ግስ አለባበስ ነው። «ስቶርድ» «አስቀመጠ»ም «የተቀመጠ»ም ሊሆን ይችላል፤ መልኩ አንድ ነው። በአማርኛ እነዚህ ሁለቱ ፈጽሞ አይምታቱም።

ይህ የኛ ልጆች ችግር ብቻ አይደለም። ቶማስ ቢቨር የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ጽሑፍ ያቀረበው አንድ ዝነኛ ዓረፍተ ነገር አለ። ከበረቱ አልፎ የተጋለበው ፈረስ ወደቀ የሚል ነው። በእንግሊዝኛው «የተጋለበው» የሚለው «ጋለበ» ከሚለው ጋር መልኩ አንድ ስለሆነ፣ በእንግሊዝኛ አፋቸውን የፈቱ ሰዎች ራሳቸው መጨረሻው ላይ ሲደርሱ ይደነቃቀፋሉ። ይህን ለተማሪዎቼ ስነግራቸው ትከሻቸው ቀለል ሲል አያለሁ። ሰነፍ ስለሆኑ አይደለም፤ ዓረፍተ ነገሩ ራሱ ያሳስታል።

መውጫው ግን ያው የየኔታ ጥያቄ ነው። ማሰሪያ የመሰለህን ያዝና «ማን?» በል። እህል ራሱን ጉድጓድ ውስጥ ያስቀምጣል? አያስቀምጥም። እንግዲያው «ስቶርድ» ማሰሪያ አይደለም፣ ወደፊት ቀጥል። «ስፖይልድ» ጋ ስትደርስ ደግመህ ጠይቅ። ምን ተበላሸ? እህሉ። ታሰረ።

ጊዜ የለም ለሚሉ

አንድ የሥራ ባልደረባዬ ይህን ስነግረው «ፈተናው ላይ ለዚህ የሚሆን ጊዜ የታለ?» አለኝ። ተገቢ ጥያቄ ነው። ማጠናከሪያ በሚሰጥበት ሁሉ የሚነገረው ምክር የታወቀ ነው። ምንባቡን አታንብብ፣ ጥያቄውን አንብብ፣ ከጥያቄው አንድ ቃል ያዝ፣ ያንን ቃል ምንባቡ ውስጥ ፈልግ፣ አጠገቡ ያለውን ምረጥ።

እኔ ይህን ምክር አጥብቄ እቃወማለሁ። «አጠገቡ ያለውን ምረጥ» ማለት እኮ ልጅቷን ያሳሳታትን ነገር ዘዴ ብሎ ማስተማር ነው። አማርኛው የሰጣትን ልማድ እኛ መምህራኑ ደግሞ እናጠነክረዋለን። ዓመት፣ ስም፣ ቦታ ለሚጠይቅ ቀላል ጥያቄ ይሠራል። ረጅም ዓረፍተ ነገር ላይ የተንጠለጠለ ጥያቄ ሲመጣ ግን ልጁን ቀጥታ ወደ ተሳሳተው ምርጫ ይወስደዋል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

ደግሞም ሁሉንም ዓረፍተ ነገር መፍታት አያስፈልግም። አብዛኛው አጭር ነው፤ ሲያነቡት ይገባል። የሚፈታው ጥያቄው የተንጠለጠለበት ያ አንድ ረጅሙ ነው። እርሳስ ይዞ «ዊች» ወይ «ሁ» ወይ «ዛት» ካለበት ጀምሮ የሚገልጸው እስኪያልቅ ማስመር፣ በሁለት ኮማ መካከል የገባውን ለጊዜው መዝለል፣ በቀረው ላይ «ማን ምን ሆነ?» ማለት። መጀመሪያ ላይ ያዘገማል። የእህቴ ልጅ ክረምቱ ሳያልቅ እርሳሱን ተወችው፤ ዓይኗ ብቻውን ይሠራው ጀመር።

«ዛት» ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አንዳንዴ ስም ይገልጻል፣ አንዳንዴ «ገበሬዎቹ ዝናብ እንደሚዘገይ ያምናሉ» በሚለው ውስጥ እንዳለው እንደ «እንደ» ሆኖ ይመጣል። ያኔ የሸፈኑት ነገር የዓረፍተ ነገሩ ዋና ጉዳይ ሆኖ ይገኛል። ከእሱ በፊት ያለውን ቃል ማየት ነው፤ ስም ካለ ምናልባት ቅጽል ነው፣ እንደ ማመንና መናገር ያለ ግስ ካለ ግን የሚታመነው ወይም የሚነገረው ነገር ራሱ ነው።

ገና ያልፈታሁት

በማሰሪያ ፍለጋ ብቻ የማይገቡ ዓረፍተ ነገሮች አሉ። «ሃድ ዘ ሬይንስ ከም ኧርሊ» ብሎ የሚጀምረው ዓይነት አንዱ ነው። «ዝናቡ ቀደም ብሎ ቢመጣ ኖሮ» ማለት ነው፤ ግን «ቢ»ን የሚተካ ቃል የለውም። «ኢፍ» ተውጧል። ምልክቱ የቃላቱ መገለባበጥ ብቻ ነው። ልጅቷ ዝናቡ ቀደም ብሎ መጣ ብላ ተረዳችው። ነገሩ በትክክል ተቃራኒው ነው፤ ዝናቡ ቀደም ብሎ አልመጣም።

ይህንንም ለየኔታ ወሰድንላቸው። «እመው የታለ?» አሉ ወዲያው፤ እመ የግእዙ «ቢ» ነው። የለም አልናቸው። አሰቡና «እንግዲያ ተራው ነው እመ የሆነው» አሉ። በአንድ ቃል ጨረሱት። ግን ይህን ሃምሳ ምናምን ልጅ ባለበት ክፍል ውስጥ እንዴት እንደማስተምረው ገና አላወቅኩም። ሽፍን አድርገህ የምታወጣው ነገር የለውም። የምትጠይቀውም «ማን?» ሳይሆን «ሆነ ወይስ አልሆነም?» ነው።

መስከረም ላይ ከባልደረባዬ ከአማርኛ መምህርቷ ጋር አብረን ልንሞክረው ተነጋግረናል። እሷ «ቢ...ኖሮ» ያለባቸውን የአማርኛ ዓረፍተ ነገሮች ይዛ በመጀመሪያ ትገባለች፤ ተማሪዎቹ ከእያንዳንዱ ሥር የሆነውንና ያልሆነውን ይጽፋሉ። እኔ በማግስቱ ያንኑ በእንግሊዝኛ ይዤ እገባለሁ። ምን እንደተገኘ እጽፍላችኋለሁ።